ሃምሳ ሎሚ፦ በሰፈራችን እድር ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፣ ባሕር ዳር

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አደራችሁ? ለዚህች ቀን በሰላም ያደረሰን ፈጣሪ ይመስገን።

ሰብሳቢያችን "ዛሬ ትንሽ ተናገር" ሲሉኝ የንብረቱን ሪፖርት የፈለጉ መስሎኝ ነበር። "እሱን ጸሐፊው ያነበዋል። አንተ ዕቃ ስትረከብ ሁልጊዜ የምትለውን ንገረን" አሉኝ። እሺ ብዬ መጣሁ። ሁልጊዜ የምለው አንድ ነገር ነው። ቤታችን ውስጥ ዕቃ በዝቷል። እኛም የዕቃው ዘበኛ ሆነናል።

የእድራችንን ዕቃ ቤት ቁልፍ ከያዝኩ 6 ዓመት ሆነኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ድንኳኑ ከነምሰሶውና ከነካስማው አለ። አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ትልልቆቹ ብረት ድስቶች፣ የውሃ በርሜሎቹ፣ ትሪውና ሳህኑ አለ። ሳህኑ ሁሉ ከስሩ ቀይ ቀለም ተነክቷል፤ ከሌላ እድር ሳህን ጋር እንዳይቀላቀል ነው። ዕቃ ሲመለስ ማንኪያ እንኳ ሳይቀር አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። በዚህ የምትቀየሙኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግን የሁላችን ስለሆነ ነው የምቆጥረው።

ታዲያ ቁጭ ብዬ ስቆጥር አንድ ነገር ይገርመኛል። ትልቁን ድስት ተመልከቱት። ዓመቱን ሙሉ አላረፈም። ለቅሶ ላይ ንፍሮ ተቀቅሎበታል። ሰርግ ላይ ወጥ ተሠርቶበታል። ክርስትናውም ሰደቃውም በሱ አልፏል። ታቹ ጠቁሯል፣ እጀታው ሁለት ጊዜ ተበይዷል። እኔ ቤት ቡፌ ውስጥ ደግሞ ባለ ወርቅማ ጠርዝ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። ለፋሲካ ይወጣሉ፣ ታጥበው ይመለሳሉ። በቀረው ጊዜ ውሃ የምንጠጣው በፕላስቲክ ኩባያ ነው።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ዕቃ ቤት ስገባ ጌጡን አያለሁ። ቤቴ ስገባ ሸክሙን። "የሰው ወርቅ አያደምቅ" የሚልም አይጠፋም። እውነት ነው። የእድር ድስት ግን የሰው አይደለም። የኛ ነው። በየወሩ እያዋጣን የገዛነው ነው።

አሁን የራሴን ቤት ጉድ ልንገራችሁ።

ከ3 ዓመት በፊት እቁብ ወጣልኝ። ሐሳቤ የጣሪያዬን ቆርቆሮ መቀየር ነበር። ዝጓል፣ ሁለት ቦታ ላይም ተበስቷል። ግን ያን ሰሞን ዘመድ ቤት ሄደን አረቢያን መጅሊስ አየን። አማረን። "ቆርቆሮው ለሚቀጥለው ይደርሳል" ተባባልንና መጅሊሱን ገዛን። ሳሎኑ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞላ። ልጆች የሚያጠኑባት ጠረጴዛ ቦታ አጥታ ወጣች። ከዚያ በኋላ የቤት ሥራቸውን አልጋ ላይ በደረታቸው ተኝተው ይሠሩ ጀመር። መጅሊሱ እንዳይቆሽሽ ፕላስቲኩን ሳንገፍለት ተውነው። የባሕር ዳርን የሚያዝያ ሙቀት ታውቁታላችሁ። እንግዳ ሲቀመጥ ፕላስቲኩ ከገላው ጋር ይጣበቃል። እኛ ራሳችን ጓዳ ነበር የምንቀመጠው።

ክረምት ገባ። አንድ ሌሊት ዶፉ ወረደ፤ ጣሪያውም አፈሰሰ። ውሃው የሚንጠባጠበው በትክክል መጅሊሱ ላይ ነው። ተነስተን ሳፋ ደገንን። ሳፋው ትራሱ ላይ አልረጋ አለ። ስለዚህ በየተራ ቆመን ያዝነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተራው የትልቋ ልጄ ሆነ። ዓይኗ በእንቅልፍ ተጨፍኖ፣ ሳፋውን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ጠዋት ፈተና ነበረባት። ያቺን ልጅ እንደዚያ ቆማ ሳያት ደነገጥኩ። ምን እያደረግን ነው?

መጅሊሱን ሸጥነው። ከገዛንበት በጣም ባነሰ ዋጋ ሄደ። የጎደለውን ተበድረን ቆርቆሮውን ቀየርን። ጠረጴዛዋ ተመልሳ ገባች። አሁን ሳሎናችን ውስጥ ምንጣፍ፣ በርጩማዎችና ረከቦት አለ። እትዬ ጎረቤታችን ከመጅሊሱ ወዲህ ቡና ስንጠራት ሥራ አለብኝ ትለን ነበር። አሁን ሳትጠራ ትመጣለች። "ያኔ ማበላሸቱን ፈርቼ ነው እኮ" አለችኝ አንድ ቀን። እኛ ለእንግዳ ብለን የገዛነው ዕቃ እንግዳ ሲያባርር ከርሟል።

አንድ ነገር እንዳትሳሳቱብኝ። ድህነትን እያሞገስኩ አይደለም። ኑሮው ምን ያህል እንደተወደደ እኔም ገበያ እወጣለሁ፣ አያለሁ። ለልጁ ደብተር መግዣ ላጣ ሰው "ዕቃ ቀንስ" ማለት ነውር ነው። ይህን የምለው እቁብ ወጥቶለት፣ ወይ ደመወዝ ጨምሮለት "ምን ልግዛ?" እያለ ለሚዞረው ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩና።

እምቦጭ ነቅላችሁ የምታውቁ እስኪ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ፣ ግማሻችን ነን። ጣና ላይ መታየት የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ዓለምን የዞረው ግን አበባው ስላማረ ነው፤ ሰው ለጌጥ ብሎ ከአገር አገር ወሰደው። አበባው ዛሬም ያምራል፣ አይካድም። ከስሩ ግን ዓሣ አጥማጁ ታንኳውን የሚያሳልፍበት አጣ፣ መረቡን የሚጥልበት አጣ። ለጌጥ የገባ ነገር መተላለፊያ እንደሚያሳጣ ለባሕር ዳር ሰው አስተማሪ አያስፈልገውም። በእጃችን ነቅለነዋል።

እዚሁ ሐይቃችን ላይ ሌላም ትምህርት አለን። ዘጌን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አቡነ በትረ ማርያም መቋሚያቸውን ከሦስት ቆርጠው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል። "በዚህ ተዳደሩ፤ በሬ ጠምዳችሁ አትረሱ፣ ከብት አታርቡ" ብለው አዘዙ ይላሉ አባቶች። የዘጌ ሰው ያንን ቃል ለዘመናት ጠብቆ ኖረ። ጫካው ዛሬም አለ። ከኡራ ኪዳነ ምሕረት ወደ አዝዋ ማርያም ስትሄዱ ፀሐይ አናት አይነካም፤ ቡናው ከትልልቁ ዛፍ ጥላ ስር ነው። ከጀልባ ላይ ሆናችሁ የዘጌን አረንጓዴና ወዲህ ማዶ ያለውን የታረሰ መሬት አስተያዩት። አንድ ሕዝብ "ይህ ይበቃናል" ብሎ ስለተስማማ የቆየ ጫካ ነው።

ይበቃናል። ይህን ቃል እወደዋለሁ። ማዕድ ላይ "በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ" ስንባል "በቃኝ" እንላለን። በቃኝ የሚለው የጠገበ ሰው ነው፤ የጎደለበት ሰው በቃኝ አይልም። ደሴቶቹ ላይ በጸሎት የሚኖሩትን አባቶችስ ምን እንላቸዋለን? "የበቁ አባት"። ያው ቃል ነው። ቋንቋችን ለጠገበውም፣ ለቅድስና ለደረሰውም አንድ ቃል ሰጥቷል። ልጆቻችን "በቃ" የሚለውን ከኛ የሚሰሙት ስንቆጣ ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል። "በቃ! ዝም በል!" ጠግበን፣ ደስ ብሎን ስንለውም ይስሙት።

ስለ ስልክም አንድ ነገር ልበልና ልጨርስ። ስልክም ዕቃ ነው፤ ቦታ የሚይዘው ግን ሳሎን ውስጥ አይደለም። ማታ ማታ ሐይቁ ዳር የሚቀመጡትን ወጣቶች እዩ። ፀሐይዋ ጣና ላይ ስትጠልቅ ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። እነሱን ብቻ ለምን እወቅሳለሁ? እኔም ቡና እየተፈላ ቴሌግራም ላይ ነበርኩ። መፍትሔ ያመጣችው ያቺው ሳፋ ይዛ የቆመችው ልጄ ናት። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የእናቴን አገልግል አወረደች። "ስልክ ሁሉ እዚህ ይግባ" አለች። ክዳኑን ገጥማ በጠፍሩ አሰረችው። ከአቦል እስከ በረካ አይፈታም። የመጀመሪያው ሳምንት ከበደን። አገልግሉ ውስጥ አንዱ ስልክ ሲንጫረር ሁላችን ዞረን እናያለን። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ትንሹ ልጄ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ልጅ እንደሚመታው ነገረን። ቶናው እየተቀዳ ነበር። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ ስንጠይቀው "ከመስከረም" አለ። ጊዜው ጥር ነበር። አራት ወር ሙሉ አጠገባችን ቁጭ ብሎ፣ የሚነግርበት ፋታ አጥቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልምጣ። ሰብሳቢያችንም ስለፈቀዱልኝ በድምፅ እንድትወስኑበት አቀርባለሁ።

ዕቃ ቤታችን ውስጥ በስተቀኝ ያለው ግድግዳ ባዶ ነው። መደርደሪያ ልምታበት። በዓመት አንዴ ሁለቴ የምንነካውን ዕቃ እዚያ እናስቀምጥ። መሰላል፣ ድሪል፣ የእጅ ጋሪ፣ አካፋ፣ ዶማ። ልጆች የጨረሱት የትምህርት መጽሐፍም ይምጣ። በዚህ ሰፈር ስንት ድሪል እንዳለ አስቡት፤ አብዛኛው አንዲት የመጋረጃ ቀዳዳ በስቶ አልጋ ስር የተኛ ነው። የሚፈልግ ይፈርማል፣ ይወስዳል፣ ይመልሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት እኔ እዚያ አለሁ። አዲስ መዋጮ አልጠይቅም። አመጣጡም በፈቃድ ነው። ማንም የማንንም ቤት አይቆጥርም።

እኔ መሰላሌን ትናንት ማታ አስገብቼዋለሁ። ስትወጡ በሩ አጠገብ ታዩታላችሁ። እግሩ ላይ ቀይ ቀለም ቀብቼዋለሁና ልብሳችሁን እንዳይነካችሁ። ገና አልደረቀም።