ጎመኑም ይበላ፣ ክኒኗም ትዋጥ

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶቼና አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። የእረፍት ቀናችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ እናቶች እጅግ አስደስታችሁኛል፤ የዛሬው ነገር ይበልጡን የሚመለከተው እነሱን ነውና።

ፋርማሲስት ነኝ። መድኃኒት ቤት ቆሜ ስውል ከሀገሬ ሰው አብዝቼ የምሰማው ጥያቄ «ይሄ ቪታሚን ተፈጥሯዊ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ?» የሚል ነው። የሚጠይቁኝ ለጤናቸው የሚጠነቀቁ ሰዎች ናቸው። ችግሩ ብዙዎቹ መልሱን አስቀድመው ይዘው መምጣታቸው ነው፤ ከቅጠልና ከፍሬ የተገኘው ደግ፣ ከፋብሪካ የወጣው ክፉ። በዚህ እምነት ምክንያት ልጅ ለመውለድ ያሰቡ ሴቶች ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቪታሚን ሳይወስዱ ያረግዛሉ። «ኬሚካል ከምትውጪ ጎመንና ምስር ብትበዪ ይሻልሻል» ይባላሉ። ምክሩን የምትሰጠው እናት ወይም አክስት ክፉ አስባ አይደለም። ምክሩ ግን ልጅ ሊያሳጣ ይችላል፤ ለዚህ ነው ዛሬ እናንተ ፊት የቆምኩት።

ፅንስ ሲጀመር አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሠሩት ከአንዲት ቀጭን ቱቦ ነው። ይህቺ የነርቭ ቱቦ ተጠቅልላ የምትዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀናት ውስጥ ነው። በእናትየው አቆጣጠር የወር አበባዋ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንት ገደማ ቢሆን ነው፤ ብዙዋ ሴት እርጉዝ መሆኗን እንኳ አታውቅም። ቱቦዋ ከታች በኩል ሳትዘጋ ከቀረች ሐኪሞች ስፓይና ቢፊዳ የሚሉት የአከርካሪ ክፍተት ይፈጠራል። ልጁ እግሩ ሊሰንፍ፣ ሽንቱንና ሰገራውን መቆጣጠር ሊያቅተው ይችላል። ጭንቅላቱ ውስጥ ፈሳሽ እየተጠራቀመ ገና በጨቅላነቱ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገውም ብዙ ነው። ከላይ በኩል ሳትዘጋ ከቀረች ደግሞ አንጎሉና የራስ ቅሉ በወጉ አይሠሩም፤ እንዲህ ያለው ሕፃን ወይ ማህፀን ውስጥ ይሞታል፣ ወይ በተወለደ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ያርፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ይህ ያጋጠማት እናት በመካከላችን ልትኖር ትችላለች። እርግማን አይደለም፤ የሠራሽው ኃጢአትም አይደለም። በዘር የሚመጣ ተጋላጭነት አለ፤ ከእርግዝና በፊት ያልተስተካከለ ስኳር በሽታ፣ ቫልፕሮይክ አሲድን የመሰለ የሚጥል በሽታ መድኃኒትም አደጋውን ያሳድጋሉ። ፎሌት የምንለው በምግብ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘው ያው ቪታሚን ነው፤ የእሱ እጥረት ግን ከምክንያቶቹ ሁሉ በቀላሉ ልንከላከለው የምንችለው ነው።

ይህ እንዴት ታወቀ? በ1991 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በሰባት ሀገሮች 1,817 ሴቶችን መዘገበ። ሁሉም ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ልጅ ያረገዙ ናቸው። ገሚሶቹ ፎሊክ አሲድ ያለበት ክኒን ተሰጣቸው፣ ገሚሶቹ አልተሰጣቸውም። ችግሩ በ27 ፅንሶች ላይ ዳግመኛ ተከሰተ፤ ከእነዚህ 21ዱ ፎሊክ አሲድ ካልወሰዱት ወገን ሲሆኑ ከወሰዱት ወገን 6 ብቻ ነበሩ። አደጋው በ72 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። ልዩነቱ ግልጽ ስለነበር ጥናቱን ከታሰበው ጊዜ በፊት አቆሙት። በዚያው ጥናት ሌሎች ቪታሚኖችም ተሞክረው ነበር፤ እነሱ ምንም አልፈየዱም። የሠራው ፎሊክ አሲድ ነው፤ እሱ ደግሞ በፋብሪካ የሚሠራው፣ «ኬሚካል» የምንለው ነው።

«እሺ፣ ያንኑ ፎሌት ከምግብ ብናገኘውስ?» ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ተመራማሪዎችም ጠይቀውታል። በ1996 የወጣ የሰሜን አየርላንድ ጥናት ሴቶችን በቡድን ከፍሎ ለሦስት ወር ተከታተለ። አንዱ ቡድን በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ በክኒን ወሰደ። ሌላው ያንኑ ያህል ፎሊክ አሲድ ከተጨመረበት ምግብ አገኘ። ሌላው ደግሞ በተፈጥሮ ፎሌት የበዛባቸውን ምግቦች አብዝቶ በላ። በመጨረሻ ደማቸው ሲመረመር በቀይ የደም ሕዋሶቻቸው ውስጥ ያለው ፎሌት በሚገባ ከፍ ያለው ክኒን በወሰዱትና የተጨመረበትን ምግብ በበሉት ላይ ነው። በተፈጥሮው ምግብ ብቻ የሞከሩት ያን ያህል ለውጥ አላሳዩም።

ምክንያቱ የሚታወቅ ነው። ቅጠል ውስጥ ያለው ፎሌት ረጅም ጭራ አለው፤ አንጀት ያንን ጭራ ቆርጦ ካልጣለ አያስገባውም። ሙቀትም አይችልም፣ በውሃም ይሟሟል። ጎመን ስንሠራ የምናደርገውን አስቡት። አጥበን፣ ከትፈን፣ ድስት ሙሉ ውሃ ውስጥ ጥደን እስኪበስል እንቀቅላለን፤ ከዚያ አጥልለን ያንን አረንጓዴ ውሃ እንደፋዋለን፤ ቀጥሎ በሽንኩርትና በዘይት ደግመን እናበስለዋለን። እንዲህ ሲቀቀል እስከ ግማሽ የሚደርሰው ፎሌት ከውሃው ጋር ሊሄድ ይችላል። ሰው ሠራሹ ፎሊክ አሲድ ጭራ የለውም፣ እሳትም በተሻለ ይችላል። ለዚህ ነው ከምግብ ጋር የተወሰደ 60 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ በምግብ ውስጥ ካለ 100 ማይክሮግራም ተፈጥሯዊ ፎሌት ጋር እኩል የሚቆጠረው። ጎመኑን ተዉት አላልኩም፤ ብሉ፣ ውሃውንም አትድፉ። ምስርና ሽንብራም ጥሩ የፎሌት ምንጭ ናቸው። ብቻ ለዚያች ለ28 ቀን በእነሱ ብቻ አትተማመኑ።

አሁን ወደ ጓዳችን እንግባ። አሜሪካ ከ1998 ጀምሮ «ኢንሪችድ» የሚል ጽሑፍ ባለበት የእህል ምርት ላይ ፎሊክ አሲድ እንዲጨመር በሕግ አስገድዳለች፤ መጠኑ በ100 ግራም 140 ማይክሮግራም ነው። የሀገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ በዚህ ሕግ ብቻ በየዓመቱ 1,300 ያህል ሕፃናት ያለ ችግር እንደሚወለዱ ይገምታል። ጎረቤታችሁ አሜሪካዊት ጠዋት ዳቦዋን፣ ማታ ፓስታዋን ስትበላ ሳታስበው ፎሊክ አሲድ ታገኛለች።

እኛስ? ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ሁለት ከረጢት ጎን ለጎን አቁሙና ጀርባቸውን አንብቡ። ነጩ የስንዴ ዱቄት ላይ ከስንዴው ቀጥሎ ናያሲን፣ አይረን፣ ታያሚን፣ ራይቦፍላቪን፣ መጨረሻ ላይ ፎሊክ አሲድ ተዘርዝሮ ታገኛላችሁ። የጤፉ ከረጢት ላይ ያለው «ጤፍ» የሚል ቃል ብቻ ነው። ጤፍ ከዚያ ሕግ ውጭ ነው፤ ሙሉ የስንዴ ዱቄትም ብዙውን ጊዜ አይጨመርበትም። እንግዲህ ጤፏን ሰልፍ ራይዚንግ ከሚባለው የስንዴ ዱቄት ጋር ቀላቅላ የምትጋግር ሴት በስንዴው በኩል ትንሽ ፎሊክ አሲድ ሲደርሳት፣ «ንጹህ ጤፍ ካልሆነ አልበላም» የምትለው ጠንቃቃዋ እህታችን ከእንጀራዋ ፎሊክ አሲድ አታገኝም። ጤፍ ድንቅ እህል ነው፤ እኔም ያለሱ አልውልም። ጤፍ ለሚበላ ሰው ግን ያ ሕግ አልደረሰለትም፤ ክፍተቱን የምንሞላው እኛው ነን።

ሀገር ቤትም ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያ የነርቭ ቱቦ ችግር በብዛት ከሚታይባቸው ሀገሮች አንዷ ናት። መንግሥት በ2022 የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በቪታሚን እንዲበለጽጉ የሚያስገድድ ደረጃ አጽድቋል፤ ዱቄቱ ላይ ከሚጨመሩት አንዱ ፎሊክ አሲድ ነው። ትልቅ እርምጃ ነው፤ ስንዴ ከማይበላው የገጠር ቤት ግን አይደርስም። ጤና ጣቢያ ለእርጉዞች የሚታደለው አይረንና ፎሊክ አሲድ የያዘ ክኒን ለደም ማነስ እጅግ ይጠቅማል። ነገር ግን ክትትል በሦስተኛውና በአራተኛው ወር የጀመረች እናት ስትቀበለው ቱቦዋ የምትዘጋበት ጊዜ አልፏል። እህት ወይም ወንድም ሊያገቡላችሁ ከሆነ ከሽቶውና ከጫማው ጋር አንድ ብልቃጥ ፎሊክ አሲድ ሻንጣ ውስጥ ጨምሩ።

እንግዲህ «ሰው ሠራሽ ሁሉ ይሻላል ማለትሽ ነው?» የሚለኝ ይኖራል። አላልኩም። ጥንቃቄን የሚያስተምር ሌላ ታሪክ አለ። አትክልትና ፍራፍሬ የሚያበዙ ሰዎች የሳንባ ካንሰር እንደሚያንሳቸው ስለታየ፣ ፊንላንድ ውስጥ 29,133 የሚያጨሱ ወንዶች ተመርጠው ገሚሶቹ ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገውን ቤታ ካሮቲን በቀን 20 ሚሊግራም በክኒን ወሰዱ። በ1994 ውጤቱ ሲወጣ ቤታ ካሮቲን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በዝቶ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ ተመሳሳይ ጥናት በ1996 ከጊዜው በፊት ተቋረጠ፤ እዚያም ካንሰሩ በ28 በመቶ ጨምሮ ነበር። ካሮት በልቶ ሰው እንዲህ አይሆንም። ስለዚህ የሚያጨስ አባት፣ ባል ወይም ወንድም ቤታችሁ ካለ ቤታ ካሮቲን ያለበት ክኒን አትግዙለት፤ ካሮቱን ይብላ፣ ከሁሉ በፊት ሲጋራውን ይተው።

ቪታሚን ኤ ራሱ ሁለት ፊት አለው። ሀገር ቤት ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ አፋቸው ላይ የሚጨመቅላቸው ሰው ሠራሽ ነው፤ ከዳፍንትና ከሞት ይታደጋቸዋል። ጉበት ውስጥ ያለው ደግሞ ፍጹም ተፈጥሯዊ ነው፤ እርጉዝ ሴት ጉበት ካበዛች ግን መጠኑ አልፎ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ቪታሚን ሲን በተመለከተ ከብርቱካን የወጣውና ፋብሪካ የሠራው ያው አንድ ነገር ነው፤ ገንዘባችሁን አትጨምሩበት። ተፈጥሯዊው በእርግጥ የሚበልጠው ቪታሚን ኢ ላይ ነው። እቃው ላይ ስሙ በ«ዲ-አልፋ» ከጀመረ ተፈጥሯዊ፣ በ«ዲኤል-አልፋ» ከጀመረ ሰው ሠራሽ ነው፤ ሰው ሠራሹን ሰውነታችን በከፊል ብቻ ይጠቀምበታል።

ሰሞኑን ደግሞ «ፎሊክ አሲድ መርዝ ነው፣ ተፈጥሯዊውን ሜቲልፎሌት ውሰዱ» የሚሉ ቪዲዮዎች በየስልኩ ይዞራሉ። ክኒን ውስጥ ያለው ሜቲልፎሌትም ፋብሪካ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይወደዳል። የነርቭ ቱቦን ችግር እንደሚከላከል በጥናት የተረጋገጠለት ፎሊክ አሲድ ብቻ ነው። «ጂኔ አይፈቅድልኝም» የምትሉ ካላችሁ፣ ኤምቲኤችኤፍአር የሚባለው የጂን ልዩነት ያለባቸው ሰዎችም ፎሊክ አሲድን ይጠቀሙበታል።

ለጿሚዎች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ቪታሚን ቢ12 ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ እንጂ ከአትክልት አይገኝም። በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ሰው ሊያንሰው ይችላል። ፎሊክ አሲድ በብዛት ሲወሰድ ደግሞ የቢ12 እጥረት የሚያመጣውን ደም ማነስ ይሸፍንና ነርቭ ውስጥ ውስጡን እየተጎዳ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ በሐኪም ካልታዘዘላችሁ በቀን ከ1,000 ማይክሮግራም አትለፉ፤ ለዓመታዊ ምርመራ ስትሄዱ «ጿሚ ነኝ፣ ቢ12ቴን ለኩልኝ» በሉ። ቢ12ን የሚሠሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ ክኒኑም ከእነሱ ስለሚመረት ለጾም የሚያስቸግር የሥጋ ነገር የለበትም። የጀላቲን ሽፋን እንዳይኖረው ብቻ እቃውን አንብቡ።

እርጉዝ ልትሆን የምትችል ሴት ሁሉ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ትውሰድ። ለማርገዝ ካሰበች ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ትጀምር፣ እስከ ሦስተኛው ወር ትቀጥል። «ገና አላሰብኩም» የምትሉ ወጣቶችም አላችሁ፤ በዚህ ሀገር ወደ ግማሽ የሚጠጋው እርግዝና ሳይታሰብ የሚመጣ ነው። እቃው ላይ 680 የሚል ቁጥርና ከጎኑ በቅንፍ 400 ፎሊክ አሲድ ካያችሁ አትደናገጡ፤ የምትፈልጉት በቅንፍ ያለውን ነው።

ከዚህ በፊት የነርቭ ቱቦ ችግር ያለበት ልጅ ያረገዘች እህት ግን 400 አይበቃትም። የሚያስፈልጋት አሥር እጥፍ፣ 4,000 ማይክሮግራም ነው፤ ይህም በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ እንጂ የሱቁን ክኒን አሥር አድርጎ መዋጥ አይደለም፤ እንዲያ ከተደረገ ሌሎቹ ቪታሚኖች ከልክ ያልፋሉ። ስለዚህ ለማርገዝ ስታስብ አስቀድማ ሐኪሟን ታነጋግር። በሰው ፊት መጠየቅ የሚከብዳት ካለች፣ ስብሰባው ሲያልቅ ኋላ ካለው ክፍል እቀመጣለሁ፤ በሩን ዘግተን እናወራለን።