ቻናል ወይስ ግሩፕ? ለአዲስ የክፍል ተወካዮች የቀረበ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ እህት ወንድሞቼ። እንኳን ደስ አላችሁ፣ የክፍላችሁ ልጆች አምነው መርጠዋችኋል፣ ቀላል ነገር አይደለም።

ብዙ ሬፕ (የክፍል ተወካይ) በተመረጠ በደቂቃ ውስጥ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍቶ ሊንኩን ይበትናል፣ ምን አይነት ግሩፕ ነው የሚያስፈልገን ብሎ ቆም የሚል ግን ጥቂት ነው። እኔ የምላችሁ ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ እዚህ ውስጥ መፃፍ ያለበት ማነው? አንድ ሁለት ሰው ብቻ ከሆነ ቻናል ነው፣ ሁሉም ከሆነ ግሩፕ ነው፣ አራት አምስት ልጅ አብሮ የሚሰራው አሳይመንት ከሆነ ደሞ ሌላ ቦታ ነው።

የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ማታ 2 ሰዓት ላይ መምህሩ ይደውልና የነገው ኩዊዝ ከሰዓት መሆኑ ቀርቶ ጠዋት 2 ሰዓት ሆኗል ይላል፣ ሬፑም ግሩፑ ላይ ይፅፈዋል። ከስሩ አንዱ "የት ክፍል?" ይላል፣ አንዱ "ቻፕተር 3 ይገባል እንዴ?" ይላል፣ ሌላው ስቲከር ይልካል፣ ከዛ ኳስ ይነሳና የአርሰናልና የማንቼ ደጋፊዎች ይያያዛሉ፣ ላይብረሪ ስታጠና ያመሸች ልጅ 5 ሰዓት ላይ ዳታ ስትከፍት መቶ ምናምን መልእክት ተቆልሎ ይጠብቃታል፣ ደክሟታል፣ ግሩፑንም ከጫጫታው የተነሳ ሚውት ካረገችው ቆይታለች፣ ትተኛለች። ጠዋት ተረጋግታ ስትመጣ ኩዊዙ አልቋል። ይቺ ልጅ ሰነፍ አይደለችም! መልእክቱ ነው ያለቦታው የተቀመጠው።

ቻናል ላይ አድሚን ብቻ ነው የሚፖስተው፣ ስለዚ የፈተና ሰዓት፣ የክፍል ለውጥ፣ ስላይድና ሀንድአውት እዛ ይቀመጥ፣ ዘግይቶ የተመዘገበ ልጅም ሲገባ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለውን ያገኛል። ጥያቄ ያለው እንዲጠይቅ ቻናሉ ላይ የውይይት ግሩፕ ማያያዝ ይቻላል፣ ወሬው እዛ ይሁን። ግሩፑ በጣም ከሰፋ ደሞ ቶፒክስ የሚባለውን አብሩትና ለየኮርሱ የራሱን ክፍል ስጡት፣ የማትስ ጥያቄ ከፊዚክስ ጋር አይደባለቅም። እባካችሁ ቻናሉን ንፁህ አድርጉት፣ "ደህና አደራችሁ" እንኳን አትፃፉበት፣ ቻናሉ ሲጮህ ሁሉም ሰው ቁምነገር መጥቷል ብሎ እንዲከፍተው።

አሁን የምለው ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። በተራ የዋትሳፕ ግሩፕ ውስጥ የያንዳንዱ ልጅ ስልክ ቁጥር ለሁሉም ይታያል። የአንድ ዲፓርትመንት ልጆችን በሙሉ እዛ ስታስገቡ የሴት እህቶቻችንን ቁጥር ለማያውቁት ሰው ሁሉ እየሰጣችሁ ነው፣ ማታ ማታ የሚደውል፣ የማይሆን ነገር የሚልክ አይጠፋም፣ እና ብዙዎቹ ዝም ብለው ከግሩፑ ይወጣሉ፣ ከዛ መረጃ ያመልጣቸዋል። ቴሌግራም ላይ ቁጥር መደበቅ ይቻላል፣ ቻናል ላይ ደሞ የአባላቱን ዝርዝር ከአድሚን በቀር ማንም አያይም። ዋትሳፕ ለሚተዋወቁ ጥቂት ልጆች ይሁን።

ወደ ግሩፕ አሳይመንት ስንመጣ፣ ቴሌግራም ላይ የዎርድ ፋይል እየተቀባበሉ መስራት ጣጣ ነው፣ "ፋይናል"፣ "ፋይናል 2"፣ "የመጨረሻው ፋይናል" እየተባለ የትኛው እንደሚታተም ይጠፋል። ጉግል ዶክስ ላይ አንድ ፋይል ክፈቱና ሁላችሁም እዛው ላይ ፃፉ፣ ማን መቼ ምን እንደቀየረ ታሪኩን ይይዛል፣ ስለዚ ሰርቶ ያደረና ስሙን ብቻ ያስገባ ይለያል፣ የለፋ ልጅ ፍትህ ያገኛል።

አንድ ነገር ደሞ አትርሱ። በ2015 ዓ.ም የካቲት ላይ ቴሌግራምን ጨምሮ ሶሻል ሚዲያ ተገድቦ ነበር፣ ለወራት። ስለዚ የሁሉንም ልጅ ስልክና ኢሜይል ወረቀት ላይ ያዙ፣ ለናንተ ብቻ፣ ለማንም የማይሰጥ። ስማርት ስልክ የሌለውም ልጅ አለ፣ እሱን በኤስኤምኤስ ወይም በዶርም ልጅ በኩል ድረሱት፣ አንድም ልጅ እንዳይቀር።

ኦውነርነቱም ነገር አለ። ሬፑ ትምህርት ለማቋረጥ ዊዝድሮው ሲሞላ ወይም ስልኩ ሲሰረቅ ግሩፑ ባለቤት አልባ ይቀራል፣ የአመቱ ስላይድ እዛ ውስጥ ሆኖ የሚያስተካክለው ሰው ይጠፋል። ከመጀመሪያው ቀን ሁለተኛ አድሚን ሹሙ፣ ቢቻል አንድ ወንድ አንድ ሴት። ቴሌግራም ላይ ባለቤትነት ለማስተላለፍ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን (ከሚላከው ኮድ ሌላ የሚጠየቅ ፓስዎርድ) ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት መብራት አለበት፣ ስለዚ የምረቃ ሰሞን ላድርገው ካላችሁ ሊያልፋችሁ ይችላል። አሁኑኑ ስልካችሁን አውጡና የቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አብሩት፣ ያስቸገረው እጁን ያውጣ፣ እየዞርኩ አሳያችኋለሁ።