«ስንት ሰው አመነ?»

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት በሚሲዮናዊነት የማገለግለው ጁባ፣ ደቡብ ሱዳን ነው። አሁን ለዕረፍት መጥቼ ግንፍሌ፣ አክስቴ ቤት አርፌአለሁ፤ ይህንንም የምቀዳው ከዚያው ነው። ከአራት ኪሎ ቁልቁል የሚወርዱት መኪኖች ድምፅ ጣልቃ ከገባ ታገሡኝ።

አገሬ ከገባሁ ጀምሮ በሄድሁበት ሁሉ የሚቀበለኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ሰው አመነ?» እሑድ ከአምልኮ በኋላ ደጅ ላይ ይጠይቁኛል። ፒያሳ ማኪያቶ የጋበዘችኝ የቀድሞ የመዘምራን ጓደኛዬም ስኳሩን አማስላ ሳትጨርስ ይህንኑ ጠየቀችኝ። በየሩብ ዓመቱ የምሞላው የሪፖርት ቅጽም ሦስት ዓምድ አለው፤ ወንጌል የሰሙ፣ ያመኑ፣ የተጠመቁ።

ጠያቂዎቼን እወዳቸዋለሁ። እጃቸውን ጭነው ጸልየው የላኩኝ፣ ከወር ገቢያቸው ቀንሰው የሚደግፉኝ እነርሱ ናቸው። ፍሬ ለማየት ቢጓጉ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ይህ ጥያቄ ከሁሉ ቀድሞ ሲመጣ ሥራውን ይጎዳል ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ይህን ነው።

አክስቴ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ነው የጠየቁኝ። አክስቴ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ማለዳ ነጠላቸውን ተከናንበው ቅድስት ሥላሴ ይሳለማሉ። እኔ በወጣትነቴ ወደ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ለጊዜው ተቀይመውኝ ነበር። ዛሬ ግን ከማንም በላይ ስለ ኑሮዬ የሚያስቡልኝ እርሳቸው ናቸው። በመጣሁበት ምሽት ቡናውን እየቆሉ፣ «ውኃ ማን ይቀዳልሻል የኔ ልጅ? ስትታመሚስ ማን ይጠይቅሻል? ለቅሶ ትደርሻለሽ?» አሉኝ። የሚሲዮናዊ ኑሮ ከሞላ ጎደል በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ውስጥ አለ።

ከውኃው ልጀምር። በምኖርበት ሰፈር ቧንቧ የለም። ቦቴ መኪና እየዞረ በየግቢው በርሜል ይሞላል፤ ቦቴው የቀረ ዕለት ሁሉም ነገር ይቆማል፤ ልብስ አይታጠብም፣ ድስት አይጣድም። ያን ጊዜ ጄሪካኔን ይዤ የጎረቤት በር አንኳኳለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የእነርሱ በርሜል ይጎድልና ወደ እኔ ይመጣሉ። አንድ ወዳጃችን በቅንነት ትልቅ የውኃ ታንከር ሊገዛልኝ አስቦ ነበር። አመስግኜ እምቢ አልሁ። ውኃ የማይጎድላት ሴት የማንንም በር አታንኳኳም፤ የማንንም በር ሳላንኳኳ ደግሞ በምን ጎረቤት እሆናለሁ? ሚሲዮናዊ ለሚልኩ ሁሉ የምመክረው ነገር አለኝ፤ የምትልኩትን ሰው ችግር ሁሉ አትድፈኑለት። መድኃኒቱን፣ የሕክምናውን ወጪ፣ የቤት ኪራዩን በጊዜው ላኩለት፤ በዚህ መዘግየት አይገባም። ለዕለት ኑሮው ግን ሰው ያስፈልገው።

ሕመሙን በአጭሩ ልለፈው። ወባ ይዞኛል፤ ጎረቤቶቼ አስታመውኛል።

አክስቴ ያልጠየቁኝ ቋንቋው ግን ረዘም ይላል። ጁባ ውስጥ ሰው የሚግባባው በአብዛኛው በጁባ ዐረብኛ ነው። ለእኔ ትምህርት ቤቱ የአንዲት አረጋዊት ጎረቤቴ ግቢ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሀቦባ ይላቸዋል፤ እንደ እኛ እማማ ማለት ነው። ሀቦባ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ከማንጎው ዛፍ ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ኩድራ ይለቅማሉ። ኩድራ ለወጥ የሚሆን ቅጠል ነው። ግንዱን ጫፉ ላይ በግራ እጅ ይዘው በቀኙ ጣቶች ወደ ታች ሲስቡት ቅጠሉ ተግፍፎ ይወጣል፤ ግንዱ ወዲያ ይጣላል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ትንንሾቹ ዘንጎች ከቅጠሉ ጋር ተገንጥለው ከገቡ ወጡ ይሻክራል። ሀቦባ የለቀምሁትን በመዳፋቸው እየዘረጉ ዘንጎቹን አንድ በአንድ ያወጣሉ፣ ምንም አይናገሩም፣ መልሰው ይሰጡኛል። ጣቶቼ አረንጓዴ ሆነው ይውላሉ። ቅጠሉ ሲበስል ይዝለገለጋል፤ የተፈጨ ለውዝ ይገባበታል፤ በኪስራ ይበላል። ኪስራን ያየ ኢትዮጵያዊ እንጀራ ትዝ ሳይለው አይቀርም፤ ከማሽላ የተቦካ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ዐይን የሌለው ነው።

እዚያ ምንጣፍ ላይ የሰማሁትን ያህል በየትም አልሰማሁም። የማን ልጅ ትምህርት ቤት እንዳቋረጠ፣ የማን ባል ከጦርነቱ እንዳልተመለሰ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ። የማታው የሴቶች ፊደል ትምህርታችን የተጀመረውም ከዚያ ነው። የሀቦባ ምራት ከክሊኒክ የተሰጣትን ካርድ አምጥታ፣ «ምን ይላል?» ስትል አነበብሁላት፤ «እኔ ራሴ ባነበው» አለች፤ በሳምንቱ ከእኅቷ ጋር መጣች። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል ተብሎ የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ እንኳ ሴቶቹ ከማንጎው ሥር መምጣታቸውን አላቆሙም። አሁን ንገሩኝ፤ ይህ ጠዋት ከሦስቱ ዓምዶች በየትኛው ይመዘገባል?

ወደ ለቅሶው ልምጣ። አክስቴ ይህን የጠየቁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ የነበረው የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ የብዙ ዓመት የዕድር ጓደኞቻቸው ወደ ከተማው ዳር ተበትነዋል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፤ እርሳቸው ግን ለቅሶ ለመድረስ ታክሲ ቀያይረው ግማሽ ቀን ይጓዛሉ። «ካልደረስሁማ ምን ጎረቤት ነበርሁ?» ይላሉ። ጎረቤትነት በምን እንደሚጠበቅ የሚያውቁ ሴት ናቸው።

ጁባም ለቅሶ ትልቅ ነገር ነው። ሴቶቹ ሐዘን ቤት ምንጣፍ ላይ ተኮልኩለው ይቀመጣሉ፤ ያድራሉም። በሰፈራችን አንድ ወጣት ሲሞት ስኳርና የሻይ ቅጠል ይዤ ሄድሁ፣ ከእናቲቱ አጠገብ ቦታ ሰጡኝ፣ ተቀመጥሁ። ለመጽናናት የሚሆን ጥቅስ በአእምሮዬ ሞልቶ ነበር፤ አንዱንም አልተናገርሁም። በእኛ አገር ለቅሶ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ ዝም ብሎ እንደሚቀመጥ ከልጅነቴ አይቻለሁ፤ ይህን ማንም የሚሲዮን ኮሌጅ አላስተማረኝም፤ ያስተማሩኝ አክስቴ ናቸው። በሦስተኛው ቀን እናትየው እጄን ያዘችና፣ «አንቺ የምትጸልይ ነሽ ይላሉ፤ ጸልይልኝ» አለችኝ። በተሰባበረው ዐረብኛዬ ጸለይሁ። እናትየው ትመን አትመን ዛሬም አላውቅም። ያን ዕለት እዚያ መገኘቴ ግን የተላክሁበት ሥራ ነበር፤ ይህን ያለ ጥርጥር እናገራለሁ።

ፍሬ አያስፈልግም እያልሁ አይደለም። ሰው ወደ ክርስቶስ ሲመጣ ከማንም በላይ ደስ የሚለኝ እኔ ነኝ። ነገር ግን የራሳችንን ታሪክ ብናይ ቁጥሩ ዘግይቶ የሚመጣ ነገር ነው። ኦነሲሞስ ነሲብን አስቡ። በልጅነቱ በባርነት ተሽጦ ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ፤ በስዊድን ሚሲዮናውያን ዘንድ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1870 ተጠመቀ። ወደ ኦሮሞ ምድር ለመግባት ደጋግሞ ሞክሮ መንገዱ ተዘጋበት። ነቀምቴ የደረሰው በ1904 ነው። በመካከሉ 34 ዓመት አለ! ያን ሁሉ ጊዜ ቅጹን በየሩብ ዓመቱ ቢሞላ ኖሮ ስለዚያ ምድር ምን ይጽፍ ነበር? እርሱ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ እንደ አስቴር ጋኖ ካሉ ረዳቶች ጋር መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ፤ በ1899 ሙሉው ታተመ።

ወላይታንም አስቡ። የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን የተባለው የውጭ አገር ሚሲዮን ሰዎች በጣሊያን ወረራ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1937 ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ። የዓመታት ድካም፣ 48 ሰው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሲመለሱ አማኞቹ ወደ 10 ሺህ ገደማ ደርሰው አገኟቸው። ሥራውን የሠሩት በስደትና በእስር መካከል ከመንደር መንደር በእግራቸው የዞሩት የአገሩ ልጆች ናቸው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባል የለ? እኔም ጁባ የምቀመጠው ነገ ከእኔ የተሻለ የሚናገሩ የዚያው አገር ሴቶች እስኪነሡ ነው። በእኔ የሪፖርት ዘመን ላይታይ ይችላል።

ይህን ሁሉ ባለፈው ሳምንት ለሚሲዮን ኮሚቴያችን ተናግሬአለሁ። ጋሼ የምለው ሰብሳቢያችን ዝም ብለው አዳመጡኝና፣ «እንግዲያ ምን እንጠይቅ?» አሉ። የአክስቴን ሦስት ጥያቄዎች ነገርኋቸው። የኮሚቴው አባላት ጥቂት ተከራከሩ፤ አንዱ ወንድም፣ «ሕዝቡ ሲሰጥ የሚሰማው ነገር ይፈልጋል» አለ፤ ልክ ነው፤ እኔም የሀቦባን ግቢ ንገሩት፣ ይሰማል አልሁ። በመጨረሻ በሚመጣው ዓመት ወደ ጁባ ለሚላኩት ወጣት ባልና ሚስት የመጀመሪያው ዓመት ቅጽ ቁጥር እንዳይኖረው ተስማሙ። ያን ዓመት ቋንቋ ይማራሉ፣ ጎረቤት ያፈራሉ፤ በየወሩ የሚጽፉት ስለዚያ ይሆናል። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ታዲያ አንድ ነገር ከእናንተ እፈልጋለሁ። ባልና ሚስቱ ከመሄዳቸው በፊት እዚሁ አዲስ አበባ ዐረብኛ መጀመር ይፈልጋሉ። ጁባ የኖረ ሰው ብናገኝ ይመረጣል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ከካርቱም የመጡ ብዙ ቤተሰቦች በከተማችን አሉ፤ ከእነርሱም ማስተማር የሚችል ሰው ካለ መልካም ጅማሬ ነው። ክፍያ አለው፤ አበልና ትራንስፖርቱንም ኮሚቴው ይሸፍናል። ቦታው አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ አካባቢ ቢሆን ለሁለቱም ይቀናቸዋል። የምታውቁት ሰው ካለ መልእክት ላኩልኝ፤ እኔ ከመመለሴ በፊት ላገናኛቸው እፈልጋለሁ።