መስኮቱ በጠዋት አልከፈት ሲል

እሷ፦ እንደምን ቆያችሁ፣ ከአዳማ ነው የምናወራችሁ። ከጀርባ የሚያፏጭ ድምፅ ከሰማችሁ ነፋሱ ነው፣ ይቅርታ። መስኮቱን ግን ዘግቼዋለሁ፣ ጋሼ።

ጋሼ፦ መዝጋትማ ዘግተሻል። መጋረጃውን እዪው እስቲ።

እሷ፦ ውይ፣ ይንቀሳቀሳል።

ጋሼ፦ በመስታወቱ አይደለም የሚገባው፤ በፍሬሙና በብሎኬቱ መሃል ነው።

እሷ፦ ምን ይገርማል፤ የአዳማ ሁለተኛው የነፋስ ኃይል ማመንጫ ብቻ 153 ሜጋዋት ነው። ያን ሁሉ ተርባይን የሚያዞር ነፋስ ለእኔ መጋረጃ ይራራል?

ጋሼ፦ ብቻውን ቢመጣ እኮ በቻልነው። አቧራውን አዝሎ ነው የሚመጣው።

እሷ፦ እንግዲህ የዛሬው ወሬ ፎም ነው። ያ ከጣሳ ሲወጣ ኩፍ እያለ የመስኮትና የበር ዙሪያ ክፍተት የሚሞላው። ጋሼ፣ የራስዎን ታሪክ ሳይደብቁ ይንገሩን።

ጋሼ፦ አንቺ ልጅ ዛሬ ልታዋርጂኝ ነው። ቤቴን ሳስጨርስ ተንሸራታች የአልሙኒየም መስኮት አስገጠምኩ። ገጣሚው ዙሪያውን 2 ሴንቲ ያህል ክፍተት ትቶ፣ “ይኼን ለሳኙ ይጨርሰዋል” ብሎ ሄደ። ለሳኙ ደግሞ “አልሙኒየም የእኔ ሥራ አይደለም” አለ።

እሷ፦ የታወቀ ነው!

ጋሼ፦ እኔ ባለሙያው ሱቅ ሄድኩና “ፎም ስጠኝ” አልኩ። የቱን ብሎ አልጠየቀኝ፣ እኔም የቱን አላልኩት። ርካሹን ሰጠኝ። ክፍተቱን እስከ አፉ ሞላሁት። ማታ ሳየው እንደ ድፎ ሊጥ ኩፍ ብሎ ወጥቷል፤ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ባለቤቴ “መስኮቱን ቆልፈኸዋል እንዴ?” አለች።

እሷ፦ አልከፈት አለ።

ጋሼ፦ ንቅንቅ የለም። ሜትር አወጣሁ። በሁለቱ ጫፍ ቁመቱ ልክ ነው፣ መሃል ላይ 5 ሚሊ ሜትር ጎድሏል። ታችኛው ፍሬም ላይ ውሃልክ ባስቀምጥ እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። ፎሙ ከሥር ገፍቶ ሆዱን ነፍቶታል።

እሷ፦ ፎም ብረት ያጎብጣል? በጣት ሲነኩት ስፖንጅ አይደል እንዴ?

ጋሼ፦ ደርቆ ስታገኚው ነው እንደዚያ የሚመስልሽ። ይኼ ፖሊዩሪቴን የሚባለው ነገር የሚጠነክረው ከአየሩ እርጥበት ጠጥቶ ነው። ሲጠጣ ጋዝ ይፈጥራል፣ ጋዙ ቦታ ይፈልጋል። በአንድ በኩል ብሎኬት አለ፣ አይሄድለትም፤ በሌላው በኩል ስስ አልሙኒየም አለ። የቱን የሚገፋ ይመስልሻል? ዝቅተኛ ግፊት ያለው ፎም ግን ለዚሁ የተቀመመ ነው፤ ከወጣ በኋላ ብዙ አያብጥም፣ ሲጠነክርም ፍሬሙን አያስጨንቅም።

እሷ፦ ሱቅ ገብቼ በምን ልለየው? ጣሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።

ጋሼ፦ ጀርባውን አንብቢ። “ሎው ኤክስፓንሽን”፣ ብዙ የማያብጥ ማለት ነው፣ ወይም “ዊንዶው ኤንድ ዶር”፣ ለመስኮትና ለበር፣ የሚል ፈልጊ። ፊት ለፊት በትልቁ “ይህን ያህል ሊትር ይሆናል” የሚለው አያማልልሽ፤ ለመስኮት በብዛት ማበጡ ጥቅም ሳይሆን ጣጣ ነው። የአገልግሎት ጊዜውንም እዪ፤ ያለፈበት ፎም ወይ አይወጣም፣ ወይ ወጥቶ ሟሽሾ ይቀራል።

እሷ፦ በራሱ ቀጭን ቱቦ የሚነፋውን ነው ወይስ መንፊያ ሽጉጥ ላይ የሚገጠመውን?

ጋሼ፦ አንድ መስኮት ከሆነ ባለ ቱቦው ይበቃል። ግን ከጀመርሽው በአንድ ቀን ጨርሺው፣ ቱቦው ውስጥ ደርቆ ይዘጋል። ለሙሉ ቤት ሽጉጥ ይሻላል፤ ቃታውን በሳብሽው ልክ ነው የሚወጣው፣ እንደ ክር ማቅጠን ትችያለሽ።

እሷ፦ እዚህ ላይ የእኔ ጥያቄ አለ። በጋ ላይ አየሩ ደረቅ ነው። እርጥበት ከሌለ ምን ጠጥቶ ይጠነክራል?

ጋሼ፦ ጎሽ! ይኼን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። መጀመሪያ አቧራውን በብሩሽ ጥረጊ፣ አቧራ ላይ አይጣበቅም። ከዚያ የጸጉር ቤቷን ውሃ መርጫ ውሰጂና ብሎኬቱን እፍ እፍ አድርጊበት፤ ይረጥባል እንጂ አይንጠባጠብም። ጣሳውን 20 ሴኮንድ ያህል በደንብ ነቅንቂና ዘቅዝቀሽ ንፊ። ክፍተቱን ግማሹን ወይም ትንሽ አለፍ አድርገሽ ብቻ። የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ በአንዴ አታጭቂው፤ ውጪው ደርቆ ውስጡ ጥሬ ይቀርና ቆይቶ ነው የሚያብጥብሽ።

እሷ፦ እንደ ወፍራም አምባሻ፣ ላዩ በስሎ መሃሉ ሊጥ።

ጋሼ፦ እንደዚያ። ጓንት አድርጊ፤ እጅ ላይ ከደረቀ ቆዳ እስኪታደስ አብሮሽ ይከርማል። እርጥብ ሳለ አሴቶን ያስለቅቀዋል፣ ከደረቀ በኋላ ካተር ብቻ ነው። አንድ ነገር ደግሞ በደንብ ስሙኝ፦ ጣሳው ውስጥ ያለው መግፊያ ጋዝ ይቀጣጠላል። ቤት ውስጥ ከሰል ተያይዞ፣ ጀበና ተጥዶ፣ ዕጣን እየጨሰ ፎም አይነፋም። አየር እንዲገባ በር ወይም መስኮት ይከፈት። ጣሳውንም ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉ፤ ከ50 ዲግሪ በላይ አይወድም።

እሷ፦ “በሲሚንቶ ብትደፍኑት አይሻልም?” የሚል አይጠፋም።

ጋሼ፦ ለብረት መስኮት ሲሠራበት ኖሯል፣ አልከራከርም። አልሙኒየም ግን እርጥብ ሲሚንቶ ሲነካው ይበላዋል፣ ቀለሙን ያበላሸዋል። ደግሞ ሙቀት ያረዝመዋል፤ 2 ሜትር አልሙኒየም በ30 ዲግሪ ልዩነት 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ሲሚንቶ አብሮት አይለጠጥም፣ ይሰነጠቃል። በዚያች ስንጥቅ አቧራው ይገባል። ፎም ትንሽ ይታዘዛል።

እሷ፦ በሩስ? እናቴ ከሥሩ ጨርቅ ነው የምትወሽቅበት።

ጋሼ፦ እዚያ ፎም እንዳትነፊ! ፎም ለማይንቀሳቀሰው ነው፣ ለመቃኑና ለግድግዳው መሃል። ለሚከፈት ለሚዘጋው ጎማ ወይም ብሩሽ ያለው ማሸጊያ አለ። ለመቃኑም ቢሆን መሃሉ ላይ ጣውላ ወጥረሽ በሩን ዘግተሽ ንፊ፤ ዝቅተኛውም ፎም ከበዛ ይገፋል።

እሷ፦ የእርስዎ መስኮት ግን ምን ሆነ?

ጋሼ፦ በብረት መጋዝ ምላጭ ፎሙን ከሥር እየገዘገዝኩ አወጣሁት። ግማሽ ቀን ፈጀ። ፍሬሙ ተመለሰ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም፤ አሁንም መሃል ላይ ሲደርስ ይጮኻል። ከዚያ በትክክለኛው ሞልቼ፣ ሲደርቅ ቆርጬ፣ በልስን ሸፈንኩት። ፀሐይ የሚያገኘው ፎም ቡናማ ሆኖ ይፈረፈራል፣ ሳይሸፈን አይተውም።

እሷ፦ እንግዲህ የስቱዲዮውን መስኮት ቅዳሜ ልንሠራው ነው። ሽጉጡን ያበድሩኛል?

ጋሼ፦ ሽጉጤንማ ባለፈው ሳላጥበው አስቀምጬው ደርቋል። ባለ ቱቦውን ግዢ።