ያቺ የኪስ ደብተር የት ገባች? በዓመታዊ ጉባኤያችን ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን እንግዶቻችን፣ ውድ የአኒሜሽን ባለሙያዎች ማኅበራችን አባላት፣ ከሐረር ደንገጎን ወርዳችሁ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አደራችሁ። እንኳን በደህና መጣችሁ።

የዓመቱን የሥራ ሪፖርት ጸሐፊያችን ከሻይ በኋላ ያቀርባል። የሂሳቡም እንደዚሁ። ስለዚህ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። ይቺን የጠዋት ሰዓት ለአንድ ነገር ብቻ ልጠቀምባት ፈልጌአለሁ። ስለ ስኬች፣ ማለትም ያየነውን ነገር በእርሳስ ፈጠን ብሎ ስለመንደፍ ነው የማወራችሁ። ድሮ በየኪሳችን ስለነበረችው፣ አሁን ግን ብዙዎቻችን ዘንድ ስለሌለችው ትንሽ ደብተር።

ባለፉት ወራት አባላትን ባገኘሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ እጠይቅ ነበር። «ከሥራ ውጪ እርሳስ ይዘህ የሳልከው መቼ ነው?» መልሱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ፈገግ ይሉና «ጊዜው የት አለና» ይላሉ። የአንዷ እህታችን መልስ ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። «ቀኑን ሙሉ ስስል እኮ ነው የምውለው። ማታ እርሳስ ሳይ ያመኛል» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሙያችን በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል የሚቆጠርበት ነው። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ብናቆየው እንኳ ለአንዲት ሰከንድ 12 ሥዕል ያስፈልጋል። ለአንድ ደቂቃ 720። እጅ ይዝላል፣ ዓይን ይደክማል፣ ወገብ ይይዛል። ይህንን የማያውቅ ሰው ነው «ሰነፍ» ብሎ የሚቆጣው። እኔ ማንንም ልቆጣ አልመጣሁም።

ግን ስንስል የምንውለው ምን ዓይነት ሥዕል እንደሆነ አብረን እንየው። ገጸ ባሕርይው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው የነደፈው ነው። መስመሩ ንጹሕ መሆን አለበት። ከተበላሸ ኮንትሮል ዜድ ተጭኖ መሰረዝ አለ። በሪግ የምንሠራ ደግሞ ጭራሽ መስመር አንስልም፤ ኮምፒውተር ላይ ለገጸ ባሕርይው የተዘጋጀ አጥንት ነው የምናንቀሳቅሰው። ሥራ ነው፣ እንጀራችን ነው፣ ከልቤ አከብረዋለሁ። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ከጎተራው እየዘገንን ነው የምንውለው። ጎተራው ውስጥ የሚገባው እህል ከየት ይምጣ?

ይህ ለእኔ እንዴት እንደገባኝ ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ግመል ያለበት አጭር ማስታወቂያ ሠራሁ። የድሬ ልጅ ነኝ፣ ግመል እያየሁ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ወጥቼ ማየት አላስፈለገኝም። ከዚያ በፊት የሠራሁት የፈረስ አረማመድ ነበረኝ። እሱኑ ወሰድኩ፣ እግሩን አስረዘምኩ፣ ሻኛ ጨመርኩበት። ደንበኛው ወደደው። ማታ ቤት ወስጄ ለአጎቴ አሳየሁት። አጎቴ ዕድሜውን ከግመል ጋር የኖረ ሰው ነው። ዝም ብሎ ሁለት ጊዜ አየው። ከዚያ «መልኩ ግመል ነው፤ አረማመዱ ግን የሌላ እንስሳ ነው» አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም።

በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ደቻቱ ዳር ሄጄ ቆምኩ። ወንዙ ደርቋል፣ አሸዋ ብቻ ነው። የልጄን የትምህርት ቤት ደብተርና አንድ ቢክ እስክሪብቶ ይዣለሁ። እንጨት የጫኑ ግመሎች መግባት ሲጀምሩ እኔም መሳል ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ምንም አይመስሉም። በሦስተኛው ላይ እግር ብቻ ልሳል አልኩ። ያኔ ነው የታየኝ። ፈረስ ሲራመድ አራቱም እግሮቹ በየተራ መሬት ይነካሉ። ግመል ግን የግራ ኋላውንና የግራ ፊቱን አንድ ላይ ሊባል በሚችል መንገድ ያነሳል። ቀጥሎ የቀኙን። ሰውነቱ ግራና ቀኝ የሚወዛወዘው ለዚህ ነው። ሌላም አየሁ። እግሩ ሲያርፍ መርገጫው ክብደቱን ተቀብሎ ሰፋ ይላል፤ ሲነሳ ይሰበሰባል። ከልጅነቴ ጀምሮ በፊቴ ሲያልፍ የኖረ እግር ነው። አንድም ቀን አይቼው አላውቅም ነበር።

ሦስት ጠዋት ተመላለስኩ። ማስታወቂያው ግን አልቆ ተረክበውታል። ማስተካከል አልቻልኩም። አሁንም ሳየው ይቆጨኛል። ያቺ የልጄ ደብተር ግን ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ከዚያ ወዲህ አራት እግር ያለው ማንኛውንም እንስሳ ሳልወጣና ሳልስል አልጀመርኩም።

ለሰውም ያው ነው። ከማንኛውም ትልቅ እንቅስቃሴ በፊት ትንሽ መሰናዶ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። አንቲሲፔሽን እንለዋለን፣ ለጀማሪዎችም እናስተምረዋለን። ቀፊራ ገበያ ሄዳችሁ ሸክም የምታነሳ እናት ተመልከቱ። መጀመሪያ እግሯን ከፈት አድርጋ ትቆማለች። የወገቧን መቀነት ታጠብቃለች። ከዚያ ጆንያውን አንዴ ነቅነቅ ታደርገዋለች። ገና አላነሳችውም፤ ክብደቱን እየለካች ነው። ትንፋሿን ትይዛለች። ጆንያው የሚነሳው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያቺን ነቅነቅ ማድረግ ያየሁት በየትኛውም ቱቶሪያል ላይ አይደለም። ያገኘኋት ቀፊራ ነው፣ ቆሜ ስስል።

የሐረር ልጆች ደግሞ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ መኪና ግርግር አላችሁ። ልብስ ሰፊዎቹ እግራቸው ሳያቋርጥ እየረገጠ፣ እጃቸው ጨርቁን እየገፋ እየቆመ፣ ዓይናቸው ከደንበኛ ጋር እያወራ። በአንድ ሰውነት ላይ ሦስት የተለያየ ምት አለ። ግማሽ ሰዓት እዚያ ተቀምጦ የሳለ ሰው እጅና እግርን በአንድ ፍሬም ላይ አያስቆምም። እንደውም ስለቀናሁባችሁ ነው ያነሳሁት።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ከከተማችን ብዙም ሳይርቅ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ አለ። ተመራማሪዎች እዚያ ከ4,000 በላይ የቀይና የቢጫ ቀለም አፈር ስብርባሪ ቆጥረዋል። በድምሩ 40 ኪሎ ያህል ነው። ቀለሙን የሚፈጩበት ድንጋይም ተገኝቷል። ዕድሜው 40,000 ዓመት ገደማ ነው። እኔ ይህንን ሳነብ ዋሻው ውስጥ ተቀምጦ ቀለም ሲፈጭ የሚውለው ሰው እጅ ነው የታየኝ። ጣቱ መቅላቱ አይቀርም። እጅን በቀለም ማቆሸሽ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም ለማለት ነው።

እሺ፣ እንዴት እንመለስ? ከሥራ ጋር ሆኖ የተሳካልኝን ብቻ ልናገር። ደብተሯ ትንሽ ትሁን። ኪስ የማይገባ ደብተር ቤት ይቀራል፤ እኔ ሁለት ቆንጆ ትልልቅ ደብተሮች እንዲሁ ቀርተውብኛል። ወረቀቷ ርካሽ ይሁን፣ የተሰመረም ቢሆን ግድ የለም። ውድ ወረቀት እጅን ያስፈራል። ሰዓት አትመድቡለት። ኮምፒውተሩ ምስሉን አስልቶ እስኪያወጣ (ሬንደር) ስትጠብቁ፣ ባጃጅ እስኪሞላ፣ መብራት ሲጠፋ አውጧት። መብራት ሲጠፋ ሁላችንም ስልክ ነው የምናነሳው፤ እኔም አነሳ ነበር። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ቀን ቢያመልጣችሁ ነገ እጥፍ ልሳል አትበሉ፤ ዕዳ ከሆነ በኋላ ማንም አይከፍለውም።

በጣም የምለምናችሁ ግን ይህን ነው። ደብተሯን ለቴሌግራም ቻናል አትሳሉ። ፎቶ አንስቼ ልለጥፈው ብሎ የሚስል ሰው የሚያውቀውንና የሚያምርለትን ብቻ ይስላል። ደሞዝ የሚከፈለን ባለሙያዎች ስንሆን ደግሞ ይብሳል፤ መጥፎ ገጽ ያሳፍረናል። የእኔ የግመል ደብተር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ለማንም አይታዩም። እነሱ ባይኖሩ ግን ሦስተኛውም ገጽ አይኖርም ነበር።

ሰው ስንስል ደግሞ ሰው መሆኑን አንርሳ። ድሬ ላይ ደብተር ከተከፈተ ሰው ይሰበሰባል። ልጆቹ «አቦ እኔንም ሳለኝ!» ይላሉ። ሳሏቸው፣ አሳዩአቸው። የማይፈልግ ሰው ካለ ግን ደብተሩን ዝጉ። በተለይ ገበያ ላይ ያሉ እናቶች ፊታቸው እንዲሳል ላይወዱ ይችላሉ። ሰላም ብሎ፣ አስፈቅዶ፣ ከቻሉም ሁለት ሎሚ ገዝቶ መቀመጥ ነው። እጅና ጀርባ መሳልም ይቻላል፤ ከፊት የማይተናነስ ነገር ይናገራሉ።

ለስቱዲዮ ባለቤቶችም አንድ ቃል አለኝ። አንዳንዶቻችሁ እዚህ አላችሁ፣ ወዳጆቼ ናችሁ። ሠራተኛው መስኮት ዳር ቆሞ ሲስል ብታዩት ሥራ ፈቶ አይደለም። ጠዋት ሥራ ሲጀመር 15 ደቂቃ ስጧቸው። ዴድላይን ሲጠብ መጀመሪያ የምትቆረጠው እሷ እንደምትሆን አውቃለሁ። እኔም ቆርጫታለሁ። እባካችሁ እስከቻላችሁ ድረስ ያዟት።

ከሥራ አስፈጻሚው ጋር ተነጋግረን አንድ ሐሳብ ይዘን መጥተናል። ከሰዓት በኋላ ድምፅ ትሰጡበታላችሁ። በየሳምንቱ ቅዳሜ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ከዚራ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት እንገናኝ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ሲደርስ ነው ከተማችን የተቆረቆረችው፤ የእኛም መነሻ እዚያው ይሁን። ክፍያ የለም፣ ምዝገባ የለም፣ ሥራ አይገመገምም። ለአንድ ሰዓት ተኩል እንስላለን፣ ፉል በልተን እንለያያለን። የሐረሮቹም በራሳችሁ ከተማ እንዲሁ ብታደርጉና በወር አንዴ ብንገናኝ ደስ ይለኛል።

ከመቀመጤ በፊት አንድ ነገር። በየወንበራችሁ ላይ ትንሽ ደብተር ተቀምጣለች። ከማኅበሩ ናት። ጸሐፊያችን ሪፖርቱን ሲያቀርብ ብትስሉት እንደማይቀየም ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

የማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ መከፈቱን በታላቅ ደስታ አበስራለሁ። አመሰግናለሁ።