አድራሻ ያለው ጀርባው ላይ ብቻ ነው

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔና ሻዬ ብቻ ነን፣ ስለዚህ ወሬው ወዲያ ወዲህ ቢል ቻሉኝ።

ጓደኞቼ "ስራ ፈት" የሚሉኝ በምን እንደሆነ ነው የማወራችሁ። አሮጌ ፖስት ካርድ እገዛለሁ። ከዛ ጀርባው ላይ ያለውን አድራሻ አነባለሁ፣ ቤቱ ዛሬም ቆሞ ከሆነ ካርዱን ፖስታ ውስጥ ከትቼ መልሼ እዛው ቤት እልከዋለሁ። በቃ ይሄው ነው። ትርፍ የለውም፣ ማንም አላዘዘኝም፣ ባሌም እስካሁን ለምን እንደምሰራው አልገባውም (ለእኔም የገባኝ በቅርብ ነው፣ እደርስበታለሁ)።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እዚህ ሰው ሲሞት ወይም ወደ ትንሽ ቤት ሲዛወር እቃው እዛው ቤት ውስጥ እንዳለ ይሸጣል፣ እስቴት ሴል ይሉታል፣ እና ሶፋና ሰሃን ሁሉም ሲሻማበት ጥግ ላይ አንድ የጫማ ካርቶን አይጠፋም፣ ውስጡ ፎቶና ደብዳቤ፣ ፖስት ካርድ ምናምን። ለምን እንደዚህ እንደበዛ ስፈልግ ምን አገኘሁ መሰላችሁ፣ አሜሪካ ውስጥ እስከ ሰኔ 1908 ባለው አንድ ዓመት ብቻ ወደ 677 ሚሊዮን ፖስት ካርድ ነው የተላከው፣ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ የሀገሩ ህዝብ ደግሞ ያኔ 90 ሚሊዮን እንኳን አልሞላም። ዋጋው አንድ ሳንቲም ነበር፣ የነሱ ፔኒ ማለቴ ነው። ስልክ የሁሉም ቤት አልነበረም፣ ትልልቅ ከተማ ላይ ፖስተኛው በቀን ከአንዴም በላይ ይመጣ ስለነበር "ነገ በ4 ሰዓቱ ባቡር እመጣለሁ ጠብቁኝ" ብቻ ብሎ የሚልክ ሞልቷል። ሌላው ደግሞ በጣም የሚያስቀኝ፣ "ይሄ ለኮሌክሽንሽ ይሁን" የሚል ነው፣ ስንቱ ላይ አየሁት! ማለትም መጀመሪያውኑ የተላከው እንዲሰበሰብ ነው፣ አሁን ሰብሳቢዋ እኔ ሆኜ ለሷ ልመልስላት ነው።

እሺ አሰራሩ። ካርዱን እንዳለ ቴምብር ለጥፌ አልልከውም፣ የፖስታ ቤቱ ማሽን ባርኮድ ያትምበታል፣ ጀርባ ላይም ብርቱካናማ መስመር ይረጭበታል፣ የመቶ ዓመት የእጅ ጽሁፍ ላይ። ስለዚህ ፖስታ ውስጥ ነው የሚገባው። ከላይ የድሮውን ስም እጽፍና ከስሩ "ወይም አሁን ለሚኖረው ሰው" ብዬ እጨምራለሁ፣ ስሙን ብቻ ብተወው ፖስተኛው እዚህ የለም ብሎ ሊመልሰው ይችላላ፣ ሰውየው እኮ ከሞተ ስንት ዘመኑ።

አድራሻው ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዚፕ ኮድ፣ የየአካባቢው የፖስታ ቁጥር ማለቴ ነው፣ የመጣው በ1963 ነው፣ ከዛ በፊት ያለው ካርድ ላይ የለም፣ እሱ ችግር የለውም ይፈለጋል። አንዳንዱ ላይ የከተማው ስም ቦታ "ሲቲ" ብቻ ተብሎ ተጽፏል፣ ላኪና ተቀባይ አንድ ከተማ ስለሆኑ ማለት ነው፣ ያኔ ማህተሙን በማጉያ መነጽር ስታፈጥበት ትውላለህ። ከመጋቢት 1907 በፊት ያሉት ደግሞ ጀርባቸው ላይ ከአድራሻ በቀር ምንም መጻፍ አይፈቀድም ነበር፣ መልእክቱ ፊት ለፊት ስዕሉ ዳር ዳር ላይ ነው የሚጨናነቀው፣ አንብቡ ቢሏችሁ አይነበብም።

ቺካጎ ለብቻው ታሪክ ነው። በ1909 ከተማዋ የቤት ቁጥሩን በሙሉ ቀየረችው፣ መሀል ከተማውን ደግሞ በ1911። ከስቴትና ከማዲሰን ጎዳና መገናኛ ዜሮ ተብሎ ተነሳና ቁጥሩ ሁሉ ከዛ መቆጠር ጀመረ። ስለዚህ በ1908 የተላከ ካርድ ላይ ያለውን ቁጥር ይዘህ ብትልክ የማያገባው ሰው ቤት ነው የሚገባው። ደግነቱ ያኔ የታተመው የድሮ ቁጥር ወደ አዲስ ቁጥር መቀየሪያ ዝርዝር ኦንላይን አለ፣ እኔ እሱን ሳገኝ ሎተሪ የወጣልኝ ያህል ነው የጮህኩት፣ ልጆቼ ምን ሆንሽ ብለው እስኪመጡ።

እዚሁ አፍንጫችን ስር ዲሲ ደግሞ ጭራሽ ቤቱም መንገዱም የለም። ሳውዝዌስት ዲሲን የምታውቁ፣ አሁን ያ ሁሉ ኮንዶና ቢሮ ያለበት፣ በ1950ዎቹ ሰፈሩን በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ አፈረሱት፣ ከ20,000 በላይ ሰው ተነሳ፣ አብዛኛው ጥቁር ነው። አንድ ካርድ አለኝ "4½ ስትሪት" የሚል፣ አራት ተኩል! መንገዱ በእውነት እንደዛ ነበር የሚባለው፣ በኋላ ነው ፎርዝ ስትሪት የሆነው። ጎግል ላይ ፈልጌ ፈልጌ፣ ቤት የለም ቁጥር የለም። ያንን ካርድ ሳየው ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ነው ትዝ የሚለኝ፣ በ2024 የፈረሰው፣ የአክስቴ ቤት እዛ ነበር። እሱን አሁን አልገባበትም፣ አልጨርሰውም።

የተላከለትስ ሰው ምን ይላል፣ ትሉኛላችሁ። አብዛኛው ምንም አይልም። አልፈርድም፣ እኔም ከማላውቀው ሰው "ይሄ ካርድ በ1911 ቤትሽ ገብቶ ነበር" የሚል ደብዳቤ ቢመጣልኝ መጀመሪያ የማስበው አጭበርባሪ ነው ብዬ ነው። በተለይ በዚህ አካባቢ በ2001 አንትራክስ የሚባል ገዳይ ባክቴሪያ ያለበት ደብዳቤ የተላከ ጊዜ የነበረ ሰው የማያውቀውን ፖስታ ሲከፍት እጁ ሳያመነታ አይቀርም። ስለዚህ በእጄ ነው የምጽፈው፣ የራሴን አድራሻ አስቀምጣለሁ፣ ምንም እንደማልፈልግ እነግራቸዋለሁ። አንዷ ሴትዮ ካርዱን እራሱን መልሳ ላከችው፣ "አመሰግናለሁ ግን እባክሽ ሌላ እንዳትልኪ" ብላ፣ በጣም በትህትና። አንዱ ቤት ደግሞ አሁን የጥርስ ሀኪም ቢሮ ሆኗል፣ ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ካርዱን መስኮቱ ጋ ለጥፋ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከጫማ ካርቶኖቹ ካንዱ ውስጥ የጎንደር ፋሲል ግንብ ያለበት ፖስት ካርድ ወጣ። እስቲ አስቡት፣ ሜሪላንድ፣ የሰው ጋራዥ ውስጥ፣ ፋሲል ግንብ! ገለበጥኩት፣ የሃይለስላሴ ቴምብር፣ በ1962 የተጻፈ፣ ከአንዲት የፒስ ኮር (አሜሪካ የምትልካቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው) አስተማሪ ወደ እናትና አባቷ፣ አይዋ ስቴት። ፒስ ኮር ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያ የገቡት በዛው በ1962 ነው፣ በየጠቅላይ ግዛቱ ተበትነው ያስተማሩት፣ አባቴንም እንግሊዝኛ ያስተማረችው ከነሱ አንዷ ነበረች፣ እስኪሞት ድረስ ስሟን ይጠራ ነበር። ካርዱ ላይ "ክፍል ስገባ ሁሉም ልጆች ብድግ ይላሉ፣ እስካሁን አልለመድኩትም" ይላል።

ላኩት። ትንሽ ከተማ ስለሆነች ቤቱን የገዛው ሰውዬ የድሮዎቹን ባለቤቶች ያውቃቸው ኖሮ ካርዱን ለራሷ ለጻፈችው ሴትዮ አደረሰላት፣ በህይወት አለች፣ ከሰማንያ አልፋለች። ደወለችልኝ። ስልኩን ሳነሳ ሰላምታ የለ ምን የለ፣ "ጸጥታ!" ብላ ጮኸች፣ ቀጥላ "ተቀመጡ!" ከዛ ሳቅ። የቀራት አማርኛ እሱ ነው፣ እሱና "ጎበዝ"። ብዙ አወራን፣ የእናቷ እቃ ሲሸጥ ካርዶቹም አብረው እንደሄዱ አታውቅም ነበር። ስንሰነባበት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፣ "ስዕሉ ላይ ግንቡ ጥግ የቆመ ልጅ አለ፣ እሱን ማግኘት ይቻል ይሆን?" ልጁን እሷም አታውቀውም፣ ካርዱን ከሱቅ ነው የገዛችው፣ እንዲሁ ስታስበው ኖራ ነው። ጎንደር ስንት ሰው አለ እናቴ፣ ልላት ብዬ ዝም አልኩ።

ከዛ በኋላ ነገሩ ተገለበጠብኝ። ይሄን ሁሉ ጊዜ እኔ የማየው ጀርባውን ነው። ጀርባው ላይ ስም አለ፣ መንገድ አለ፣ ሀገር አለ፣ ጠፋ ቢባል እንኳን ይፈለጋል። ፊቱ ላይ ያለው ሰውስ? እሱ ጋ የሚያደርስ ምን ተጽፏል? ምንም።

እና የኢትዮጵያ ካርዶች መፈለግ ጀመርኩ፣ ኢቤይ ላይ ሞልቷል፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። ባቡሩ ከጅቡቲ ድሬዳዋ የገባው በ1902 መጨረሻ ነው አይደል፣ ከዛ በኋላ ድሬዳዋ ላይ ጄ. ኤ. ሚሼል የሚባል ፈረንጅ የሀገራችንን ፎቶ ፖስት ካርድ እያደረገ ይሸጥ ነበር፣ ስሙ ካርዱ ላይ አለ፣ የድሮ ፖስት ካርድ የሚሰበስብ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ያገኘሁት ከሐረር ወደ ደቡብ ፈረንሳይ የተላከ ነው፣ ከ1908 በኋላ ማለትም ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ህብረት ከገባች በኋላ፣ ከዛ በፊት ቢሆን የኛ ቴምብር ብቻውን ከጅቡቲ አያሳልፍም፣ የፈረንሳዮቹን መጨመር ነበረበት። ቴምብሩ የተለጠፈው በስዕሉ በኩል ነው፣ ፈረንሳዮች እንደዛ ይወዱ ነበር፣ አልበም ውስጥ ሲገባ እንዲታይላቸው። ጀርባው ላይ ያለው መልእክት ሁለት መስመር ነው፣ ሙቀቱ፣ ጤንነቱ፣ ሰላምታ፣ በቃ።

ፊቱ ላይ አንዲት ሴት። ቀጥ ብላ ካሜራውን ታያለች። ከስሯ በፈረንሳይኛ "የአቢሲኒያ ሴት" ይላል። ፎቶ አንስቼ ለእናቴ በቫይበር ላኩላት፣ እናቴ ድሬዳዋ ነው ያደገችው፣ መነጽሯን አድርጋ ትንሽ አየችና "ምን አቢሲኒያ ይላል ደሞ፣ ይቺ እኮ ሐረሪ ናት" አለች። እንዴት አወቅሽ እማዬ? "ጸጉሯን አታይም እንዴ፣ ሁለት ቦታ ጠቅልላ ከጆሮዋ ኋላ፣ ጉፍታ አድርጋበታለች፣ ያገባች ሴት ናት።" ጉፍታ ጸጉር ላይ የሚደረግ መረብ ነው። አስቡት፣ ካርዱ ሲሸጥ ሲለወጥ ከመቶ ዓመት በላይ ዞሯል፣ እዛ ላይ የተጻፈው ግን ያው "የአቢሲኒያ ሴት" ነው፣ እናቴ በቫይበር ሐረሪነቷንም ባለትዳርነቷንም ነገረችኝ። ስሟን አላወቅንም፣ አናውቅምም ይሆናል። ግን ቢያንስ ጀጎል ደርሰናል።

ስለዚህ ያንን ካርድ ወደ ፈረንሳይ አልላክሁትም። በሁለቱም በኩል ኮፒ አድርጌ ኮፒውን ላክሁ፣ ቤቱ አለ፣ በስትሪት ቪው አይቼዋለሁ፣ ሰማያዊ መዝጊያ ያለው ቤት ነው። ዋናው በእናቴ ዘመድ እጅ ሐረር ይገባል፣ ራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም ታውቁታላችሁ፣ ለነሱ እንዲሰጥልኝ ነው ያሰብኩት። ባሌ "ህጉን ለወጥሽው" አለኝ። አዎ ለወጥኩት፣ ህጉን ያወጣሁትስ እኔ አይደለሁ።

አሁን ያልተፈታልኝ የጣሊያኖቹ ነው። ከ1936 እስከ 41 ወታደሮቻቸው ከኛ ሀገር ወደ ቤታቸው የላኩት ካርድ፣ ለእናት፣ ለእጮኛ፣ አድራሻው ጥርት ያለ፣ መንደሮቹም ብዙዎቹ ዛሬም አሉ። ግን ፊቱን ስታዩት... አንዳንዱ ላይ ሴቶቻችንን ራቁታቸውን አቁመው ያነሱት ነው፣ ሴት ልጅ ያለው ሰው ሊያየው የማይችለው። ያንን እኔ በእጄ ፖስታ ውስጥ ከትቼ "አያታችሁ የላኩት ነው እንኳን ደስ አላችሁ" ብዬ ለማንም አልልክም። ስካንም አላደርገውም፣ ኢንተርኔት ላይ አንዴ ከወጣ እንደገና ማሰራጨት ነው የሚሆነው። አንድ ታሪክ የሚያስተምር ጓደኛዬ "ማስረጃ ነው እኮ፣ ደብቀሽ ለማን ልታደርጊው ነው" ይለኛል፣ እሱም ልክ ነው፣ ብቻ ልቤ እሺ አላለኝም፣ አሁን ካርቶን ውስጥ ናቸው።

ከመሃላቸው አንድ ለየት ያለ ነበር። ስዕሉ መንገድና ድልድይ ነው፣ ሰው የለበትም፣ ወታደሩ ለእናቱ ከደሴ የጻፈው ነው፣ ዝናቡ አልቆም አለ፣ ጫማዬ አይደርቅም፣ የላክሽልኝ ካልሲ ደርሶኛል። ወንድሜ ልልከው እንደሆነ ሲሰማ እንዴት እንደተቆጣ፣ "አያታችን አርበኛ ነበሩ፣ ቀና ቢሉ ምን ይሉሻል" አለኝ። ባለካልሲው ምን እንዳደረገ አላውቅም፣ ምናልባት መጥፎ ነገር አድርጓል። ካልሲውን የሰራችው ግን እናቱ ናት፣ ካርዱም የሷ ነው፣ እና ላኩት። ወንድሜ አኩርፎ ሰንብቶ ባለፈው እሁድ ቡና ላይ ታረቅን፣ ሀሳቡን ግን አልቀየረም፣ እኔም አልቀየርኩም።

መልስ እስካሁን የለም፣ የጣሊያን ፖስታ ደግሞ ጊዜውን ይወስዳል። ከመጣ በሚቀጥለው አነብላችኋለሁ፣ ጣሊያንኛ የሚችል ካላችሁ ቁጥራችሁን ላኩልኝ፣ ምክንያቱም ካርዱን ያስነበብኩት በስልኬ ነው፣ "ካልሲ" ያልኩት ራሱ ሌላ ነገር እንዳይሆን። እሺ፣ ሻዬም ቀዘቀዘ፣ ቻው።