አልማዝ ማለት ጌጥ ብቻ መሰላችሁ?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ዛሬ ስም ነው የምናወራው። አንድ ስም። አልማዝ።

እስቲ ቁጠሩልኝ። አክስት አልማዝ? አለች። ጎረቤት እትዬ አልማዝ? አሉ። ያስተማረቻችሁ ቲቸር አልማዝ? እሷም አለች። አሁን ደግሞ አንዲት የአራት ዓመት አልማዝ ጥሩልኝ። ዝም አላችሁ አይደል?

እኔም የነቃሁት እናቴ የእድር ብር ክፈልልኝ ብላ ስትልከኝ ነው። አራት ኪሎ። ጸሐፊው መነጽራቸውን አድርገው "አልማዝ" ብለው ሲጣሩ አራት ሴቶች "አቤት" አሉ። አራት! መዝገቡን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከስማቸው ጎን በእርሳስ ተጽፏል፦ "ቀይዋ"፣ "ባለ ሱቋ"፣ "የሾፌሩ"። አራተኛዋ ጋ "ሌላዋ" ይላል። ሌላዋ! በሳምንቱ የእህቴን ልጅ ከትምህርት ቤት ላመጣ ሄድኩ። በሩ ላይ የክፍሉ ስም ዝርዝር ተለጥፏል። ሁለት ሶልያና፣ ሁለት ኤልዳና፣ አንድ ሄራን። አልማዝ የለችም።

ወደ ትርጉሙ። የከበረ ድንጋይ ነው፣ ይሄን ታውቃላችሁ። የክርስትናውን ስም በሰማንያ ቀኗ ቤተ ክርስቲያን ታወጣላታለች፤ አልማዝን ግን ቤተሰብ ነው የሚያወጣው፣ እንደ ወርቅነሽ፣ እንደ ሉሊት። ቃሉ ከግሪክ "አዳማስ" ተነሳ። ፊት ያለው "አ" አፍራሽ ነው፣ የቀረው መግራት ከሚለው ግሥ ነው። የማይገራ ማለት ነው። ዐረብኛ "አልማስ" አለው፣ እኛ "አልማዝ" አልነው። የእንግሊዝኛው ዳይመንድም ከዚያው ከአዳማስ ነው የወጣው። በቃ፣ ይኸው ነው።

"አዳማስ እንዴት አልማዝ ይሆናል?" አትበሉኝ። ወያላ ስሙ! ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ "አራት ኪሎ፣ አራት ኪሎ" ይላል፣ ጥርት አድርጎ። ስድስት ሰዓት ሲሆን "ራት ኪሎ" ነው። ማታ "ራኪሎ ራኪሎ ራኪሎ!" ብቻ ይቀራል። ተሳፋሪ ግራ ይገባዋል? አይገባውም፣ ይገባል ይሄዳል። ቃልም እንዲህ ነው። ነጋዴ አፍ ውስጥ ሲመላለስ ያልቃል፣ ይሟሟል፣ ሌላ ይሆናል። ደግሞ ያው ወያላ "ፒያሳ" ይላል። ፒያሳ ጣልያንኛ ነው፣ አደባባይ ማለት ነው። ጣልያንኛ እያወራሁ ነው ብሎ ግን ያውቃል? ሃሳቡም የለው። አክስቴም ስሟን ስትናገር ግሪክኛ ላይ እንዳለች አታውቅም። ምሳሌዬን ወደድኩት፣ ልተወው።

አሁን ወደ ኮሜንታችሁ። "አል የዐረብኛ መነሻ ነው፣ ትክክለኛ ስሟ ማዝ ነው" ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። አንዱማ በካፒታል ጽፎልኛል። ወገን፣ አይደለም! "አ"ው ከአዳማስ ጋር የመጣ ነው። በዚህ አያያዝ "አልጋ"ም ዐረብኛ ነው ልትሉኝ ነው፤ ትናንት ማታ ጋ ላይ ተኛሁ በሉኛ! ግን አትፈሩ፣ ዐረቦቹ ራሳቸው ተሸውደዋል፤ "አል"ን ቆርጠው "ማስ" ይላሉ። አሌክሳንድሮስ በሚለው የግሪክ ስም ላይም ይህንኑ ሠርተዋል። "አል" የእኛ ነው ብለው ለዩት፣ እስክንድር ቀረ። በፈረንጆቹ ከ1478 እስከ 1494 የነገሡት ዐፄ እስክንድር ስማቸው ላይ "አል" የሌለው ለዚህ ነው። ንጉሡ ያጡትን አል አልማዝ ይዛ ቀረች። ይሄ ካላስደነቃችሁ ሰብስክራይብ ያደረጋችሁትን አጥፉት። ቀልዴን ነው፣ አታጥፉት።

በነገራችን ላይ ስሙ ሌላ አገር የወንድ ነው። ከ2011 እስከ 2017 ኪርጊስታንን የመሩት ፕሬዚዳንት አልማዝቤክ ይባላሉ።

ታዲያ ለምን ቀረ? የእኔ ግምት ቀላል ነው። ስሙ ስለበዛ የእናት ስም ሆነ። እናት የሚመስል ስም ለሕፃን ማን ያወጣል? "አልማዝ ባለጭራ" የሚባለው የቆዳ በሽታም አላገዛትም። ሰፈር ውስጥ ስንቷ አልማዝ በሱ ተቀልዶባታል!

እኔ ግን የማይገራ የሚለውን አልለቅም። አልማዝ አያናን አስታውሱ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት፣ ሪዮ ኦሎምፒክ፣ 10 ሺህ ሜትር። 29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ። 23 ዓመት የቆየውን ክብረ ወሰን ከ14 ሰከንድ በላይ አሻሻለችው። ብቻዋን ነበር የምትሮጠው፣ ማንም አልያዛትም።

ይህንን ሁሉ ለአክስቴ ነገርኳት። ቡና እየቀዳች ነበር። ጀበናውን አስቀመጠች። "የማትገራ ነው ያልከው?"

"አዎ፣ በግሪክኛ።"

"እስቲ ለባሌ ደውልና ድገምለት፤ እሱ በአማርኛ ያውቀዋል።"

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የተወለደች አልማዝ የምታውቁ ከታች ጻፉልኝ። ቀጥሎ ዘውዲቱ ናት።